ለንግድ ቤት ኪራይ ክርክር የተጠቀምኩበት የደሴ የጠበቃ ቢሮ፦ የአንዲት ዳቦ ቤት ባለቤት ግምገማ

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ዳቦ ቤት አለኝ። ይህን ግምገማ የምጽፈው የንግድ ቤት ኪራይ ውሉ ከጊዜው በፊት ሊፈርስበት የደረሰ፣ ጠበቃ ልያዝ ወይስ ሽማግሌ ልላክ እያለ ለሚያመነታ ነጋዴ ነው። የምገመግመው ፍርድ ቤት አቅራቢያ ያለ፣ ሁለት ጠበቆችና አንዲት ጸሐፊ የሚሠሩበት አነስተኛ የሕግ ቢሮ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ የቢሮው ስም ከታወቀ የቀድሞ አከራዬን መለየት ለደሴ ሰው አይከብድም፣ ከእሳቸው ጋር ደግሞ ታርቀናል።

ነገሩ የጀመረው በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ነው። ቤቱን ለ5 ዓመት ስከራይ ከአራት ግድግዳና ከአንድ አምፖል በቀር ምንም አልነበረውም። ባለሦስት ፌዝ መብራት አስገባሁ፣ ግድግዳውን እስከ ወገብ ሴራሚክ አለበስኩ፣ ለምድጃው መሠረት አስወጣሁ። ሥራው መስመር ሳይዝ ጦርነቱ ከተማችን ደረሰ። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014 ዓ.ም. ደሴ ምን እንዳሳለፈች የወሎ ሰው ያውቀዋል፤ እኔም ስመለስ ያገኘሁት የተገነጠለ በር ነበር፣ ዱቄቱም ማቡኪያ ማሽኑም ተወስዷል። አከራዬ በዚያን ጊዜ እቤቴ ድረስ መጥተው «የሁለቱን ወር ኪራይ ተይው ልጄ፣ የተጎዳነው ሁላችንም ነን» አሉኝ። ደግነታቸውን ዛሬም አልክድም። ቃላቸውን በወረቀት ላይ አለማስፈሬ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ዋጋ አስከፈለኝ።

በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ከእሳቸው የተጻፈ ደብዳቤ ደረሰኝ። የ2 ወር ኪራይ ስላልከፈልኩ ውሉ መፍረሱን፣ ቤቱንም በ10 ቀን ውስጥ እንድለቅ የሚያዝ ነበር። እውነተኛው ምክንያት ሌላ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ አንድ ባንክ ምድር ቤቱን ለቅርንጫፍ ፈልጎት፣ የብዙ ዓመት ኪራይ በቅድሚያ ሊከፍል ተስማምቶ ነበር። በየከተማው ዋና መንገድ ላይ ሱቅ የተከራየ ሰው ይህን ዓይነቱን ታሪክ ከእኔ ሳይሻል አይቀርም የሚያውቀው።

አሥሩ ቀን እንዳለፈ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሥራ ልጀምር ስሄድ ከእኔ ጓጉንቸር በላይ ሌላ አዲስ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ማታ አቡክተን የሄድነው ሊጥ ውስጥ ነው። ሁለቱ ሠራተኞቼ መጥረቢያ ይዘው ሊሰብሩት ሲሉ ከለከልኳቸው፤ መከልከሌ ትክክል መሆኑን ያወቅኩት ግን ረፋድ ላይ፣ ጎረቤቴ ወደዚህ ቢሮ ይዛኝ ከሄደች በኋላ ነው።

ጠበቃዋ በዕድሜ ከእኔ የምታንስ ወጣት ናት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ሰበራችሁት?» ብላ ነው። አለመስበራችንን ስነግራት ፎቶ እንዲነሳ፣ ሁለት ሰዎችም ቆመው እንዲያዩት አደረገች፤ ከዚያም አከራዬ ጋ ደወለች። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 መሠረት በእጁ ያለውን ነገር የተነጠቀ ወይም የታወከ ሰው፣ ባለቤት ባይሆንም እንኳ፣ በ2 ዓመት ውስጥ «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ መክሰስ እንደሚችል፣ ውል የሚፈርሰውም በጓጉንቸር እንዳልሆነ በጨዋ አነጋገር አስረዳቻቸው። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ከቀኑ 5 ሰዓት ላይ ጓጉንቸሩ ተከፈተ። ሊጡ ከማቡኪያው ሞልቶ ወለሉ ላይ ፈስሶ፣ ዳር ዳሩ ደርቆ ነበር፤ ያን ቀን የሸጥነው ዳቦ የለም።

ውሉን ሁለት ጊዜ አነበበችው። በፌስታል ያመጣኋቸውን ደረሰኞች በወር በወሩ ጠረጴዛ ላይ ደርድራ የጎደለውን ስታጣራ ብዙ ጊዜ ወሰደባት፤ ለእኔ ግን የቢሮው ትልቁ አገልግሎት ይህ ትዕግሥት ነበር። የደብዳቤው 10 ቀን ሕጉን እንደማያሟላ ወዲያው ነገረችኝ፦ ለ1 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ የተከራየ ሰው ኪራይ ቢያሳልፍ ከ30 ቀን ያላነሰ ማስጠንቀቂያ ሊሰጠው ይገባል። ስለ ሁለቱ ወራት ስጠይቃት የሰጠችኝ መልስ ግን ልቤን ያሳረፈ አልነበረም። አንቀጽ 1793 ጦርነትን፣ የእርስ በርስ ጦርነትንም ጨምሮ፣ ከአቅም በላይ ከሆኑ ነገሮች ውስጥ ቢዘረዝረውም፣ ጦርነት ነበር ማለት ብቻ ዕዳን እንደማይሰርዝ፣ ግዴታውን ለመፈጸም በእርግጥ እንዳላስቻለ ማሳየት እንደሚያስፈልግ ነገረችኝ። ይልቅ የሚያድነኝ በጠረጴዛው ላይ ያለው ደረሰኝ እንደሆነ አሳየችኝ፤ የኋለኛውን ወር ኪራይ ምንም ሳይቃወም ተቀብሎ ደረሰኝ የሰጠ ሰው የፊተኛውንም እንደተቀበለ ይገመታልና፣ አከራዬ ከጥር 2014 ጀምሮ የሰጡኝ ደረሰኝ ሁሉ ያለ ተቃውሞ የተሰጠ ነበር። የማልወደውን እውነት ሳትሸፍን መናገሯ፣ የምወደውን ስትነግረኝ እንዳምናት አደረገኝ።

ከዚያ ግን «ሌላ ውል አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። አለ። ሲጀመር ሁለት ወረቀት ፈርመን ነበር፤ አንዱ እውነተኛው ኪራይ የተጻፈበት በእኛ መካከል ያለው፣ ሌላው ኪራዩ በግማሽ ተቀንሶ የተጻፈበት፣ ተረጋግጦና ተመዝግቦ ለግብር የቀረበው። አከራዩ የኪራይ ገቢ ግብሩ እንዲቀልለት፣ በኪራይ ውል ላይ የሚከፈለው 0.5 በመቶ የቴምብር ቀረጥም እንዲያንስ ተብሎ የሚደረገው ይህ ነገር በየገበያው የተለመደ ነው፤ እኔም ቤቱን ላለማጣት ስል ፈርሜያለሁ። ጠበቃዋ አልቆጣችኝም፤ ሆኖም ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከሄደ የተመዘገበው ወረቀት መቅረቡ እንደማይቀር፣ የጉዳት ካሳዬም የሚሰላው በዝቅተኛው ኪራይ ሊሆን እንደሚችል፣ ሁለታችንንም በግብር በኩል ሊያስጠይቀን እንደሚችል ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ተከራይ ሆይ፣ እባክህ ሁለተኛ ወረቀት አትፈርም። በክርክሩ ሁሉ እጄን ያሰረኝ ከዚህ የከፋ ነገር አልነበረም።

አሁን ስለ ጉድለቱ ልናገር። ቢሮው በእኔ ስም ለአከራዬ የሚጽፈው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በ3 ቀን ይደርሳል ተብሎ 11 ቀን ቆየ፤ በዚያ መሃል ስልክ የሚያነሳ አልነበረም። ሲደርስም የመጀመሪያውን ረቂቅ የጻፈው ጠበቃዋ ሳትሆን የቢሮው ሌላው ጠበቃ ስለነበር፣ ያከበርኳቸውን ሽማግሌ እንደ ወንጀለኛ የሚያንጓጥጥ ነበር። በአንቀጽ 1772 መሠረት ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ሰው አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ ሕጉ ማስጠንቀቂያ ይላል እንጂ ስድብ አይልም። ይህ ደብዳቤ እንዳለ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ከእኒያ ሰውዬ ጋር በአንድ ለቅሶ ቤት መቀመጥ አንችልም ነበር። እንዲስተካከል ጠየቅኩ፣ ተስተካከለ፤ ቢሆንም ደንበኛ ደብዳቤውን ሳያነብ እንዳይላክ አጥብቄ እመክራለሁ። ሌላው፣ ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌዎች ሊወጡት አይችሉም።

ሽማግሌዎቹ ባይወጡትም፣ እሷ ወረደች። ድርድሩ በአከራዬ ቤት ተደረገ። የተቀመጡት አከራዬ የሚያከብሯቸው አንድ ሐጂና በእኔ በኩል አንድ መሪጌታ ነበሩ፤ ወሎ ላይ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በዱዓና በጸሎት ተከፍቶ፣ ቡናው ሁለተኛ እስኪደርስ ድረስ ጠበቃዋ አንድ ቃል ሳትተነፍስ አዳመጠች። እኔ ስለ ሊጡ ስናገር ድምፄ ሲቆራረጥ ሐጂ «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ፤ አከራዬም ቀና ብለው አላዩኝም።

ከዚያ ጠበቃዋ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦ «ጋሼ፣ ከባንኩ ቀብድ ተቀብለዋል?» ተቀብለዋል። ነገሩ ያን ጊዜ ተገለጠልኝ። በአንቀጽ 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለ ሰው ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ሰውዬው ያን ጓጉንቸር ያንጠለጠሉት በጭካኔ አልነበረም፤ የተቀበሉት ቀብድ ለልጃቸው ሕክምና አልቆ፣ እጥፉን ከየት እንደሚያመጡት ጠፍቷቸው ነበር። ለአንድ ወር ያህል እኔ ሌሊት ሌሊት የማስበው ስለ ምድጃዬ ነው፣ እሳቸው ስለ ቀብዳቸው፤ ሁለታችንም ግን ስለ ሁለት ወር ኪራይ ነበር የምንከራከረው። ጠበቃዋ በማግስቱ ባንኩን አነጋገረች፣ የባንኩ ሰዎችም እስከ ግንቦት ለመታገሥ ፈቀዱ። አከራዬን ስለ ቀብዱ ከዚያ በፊት የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ስምምነቱ በጥር መጨረሻ ተጻፈ። እስከ ሚያዝያ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. እንድቆይ፣ የሁለቱ ወር ኪራይ እንዲቀር፣ በቅድሚያ ከከፈልኩት ውስጥ ያልተጠቀምኩበት እንዲመለስልኝ፣ የመብራቱና የሴራሚኩ ወጪ ግማሽ ባንኩ ከሚከፍለው ላይ እንዲሰጠኝ ተስማማን። ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ በዚያ ዓመት ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2፣ ስለጀመሩ፣ ለዳቦ ቤት ከዚያ የበለጠ ገበያ አልነበረምና። ጠበቃዋ ስለ ውጤቱ ያስረዳችኝ አንድ ነገር ብዙ ነጋዴ የማያውቀው ይመስለኛል፦ በአንቀጽ 3312 መሠረት እንዲህ ያለ የግልግል ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። በመሆኑም በሽማግሌ ፊት ተጨባብጦ መለያየት ብቻ ሳይሆን፣ ተጽፎ፣ በተዋዋዮችና በምስክሮች ተፈርሞ፣ ለየአንዳንዱ ኮፒ መስጠት ያስፈልጋል። የእኔ አምስት ኮፒ ነበር፤ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ፈርመናል።

ክፍያውን በተመለከተ፣ ውሉን አንብቦ ለማማከር 1,500 ብር፣ ለማስጠንቀቂያው 4,000 ብር፣ ለድርድሩና ለስምምነቱ ጽሑፍ 25,000 ብር ከፍያለሁ። ለአንድ ዳቦ ቤት ቀላል ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን ከተመለሰልኝ ጋር ሳነጻጽረው፣ በተለይም በክልላችን የጸጥታ ሁኔታ ምክንያት ቀጠሮ ሲጓተት ያየሁት ስለሆነ፣ ተገቢ ነው እላለሁ። ለፎቶ ኮፒና ለመጻጻፊያ የተቀበሉኝ ገንዘብ ግን ደረሰኝ አልተቆረጠለትም፤ ደረሰኝ ደርድሮ ሰው የሚያድን ቢሮ ራሱ ደረሰኝ አለመስጠቱን ለጠበቃዋ ነግሬያታለሁ።

ከስምምነቱ በኋላም ደውዬ አላጣኋትም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኪራይ ቁጥጥር አዋጁ ሲወጣ ጎረቤቶቼ «ከእንግዲህ ከ2 ዓመት በፊት ማስወጣት ተከልክሏል፣ ቸኩለሽ ተስማማሽ» እያሉ አስጨነቁኝ። ጠበቃዋ ያለ ክፍያ መለሰችልኝ፦ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይን የሚመለከት ነው፣ ሱቅንና ዳቦ ቤትን አይመለከትም፤ የንግድ ቤት ተከራይ ዛሬም የሚጠበቀው በውሉና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። አንቀጽ 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ ሕግ ነው ስለሚል፣ በውሉ ውስጥ ያልተጻፈውን ጥበቃ ከአዋጅ መጠበቅ እንደሌለብኝ ነገረችኝ።

የአሁኑ ዳቦ ቤቴን ውል የጻፈችልኝ እሷው ናት። ወረቀቱ አንድ ነው፣ ኪራዩም እውነተኛው ኪራይ ነው። ማን ምን እንዳሠራ፣ ውሉ ከጊዜው በፊት ቢፈርስ ለመብራቱና ለምድጃው መሠረት በስንት ዓመት ስንት ተሰልቶ እንደሚመለስ፣ አከራይ ኪራይ ቢምር ምሕረቱ በጽሑፍ እንደሚሆን ተጽፏል። ስለ ጓጉንቸርም አንድ አንቀጽ አለ፤ አዲሱ አከራዬ ሲያነቡት ለምን እንደተጻፈ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፣ ፈረሙ።