ወደ ጎን ወይስ ወደ ላይ? ትንሽ ቤትን የሜክሲኮ ዓይነት ማረፊያ ለማድረግ

ሜክሲኮ ውስጥ ያለች ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ጡብ ቤት ሰፍታ የእረፍት ቤት ትሁን ከተባለ፣ ምርጫው ሁለት ነው፦ በግቢው ዙሪያ ክፍል መጨመር ወይም ፎቅ መደረብ።

ፎቁ ቦታ ይቆጥባል፤ እይታም ይሰጣል። ግን አገሩ የመሬት መንቀጥቀጥ አያጣውም። የጭቃ ጡብ ያን ሸክም ስለማይችል ከመሠረቱ ጀምሮ የአርማታ ምሰሶ ማቆም ግድ ነው፤ ገንዘቡም እዚያው ያልቃል።

እኔ ለግቢው አደላለሁ። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ኮዮአካን በተባለው ሰፈር የሚገኘው የሠዓሊዋ የፍሪዳ ካህሎ ሰማያዊ ቤት ጥሩ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 በግቢ ዙሪያ ተሠራ፤ በ1940ዎቹ ባሏ ሠዓሊው ዲዬጎ ሪቬራ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገነባ ክንፍ አስጨመረበት። ግቢው ግን ዛሬም የቤቱ ልብ ነው፤ ከየክፍሉ የሚወጣ ሰው ዛፍና ደማቅ ግድግዳ ይቀበለዋል።

ቀለሙን በተመለከተ አልደራደርም፤ የጭቃ ግድግዳ ኖራ ይፈልጋል። ኖራን ከማዕድን ቀለም ጋር በጥብጦ ስስ አድርጎ ደጋግሞ መቀባት ነው። የፕላስቲክ ቀለም እርጥበቱን አፍኖ ይይዝና እያበጠ ይላጣል፤ ልስኑንም ይዞት ይወርዳል።

ፎቅን የምመርጠው መሬቱ በጣም ጠባብ ከሆነ፣ ግድግዳው ደግሞ ከመነሻው በአርማታ ከተሠራ ብቻ ነው።