የደብረ ብርሃኗ የአሮጌ መጻሕፍትና የሙዚቃ ሸክላ ሱቅ

በደብረ ብርሃን ከተማ የምትገኘው ይህች ጠባብ ሱቅ ያለፈውን ምዕተ ዓመት ልብ ወለድ፣ ካሴትና ሸክላ አሰባስባ በተመጣጣኝ ዋጋ የምትሸጥ ስትሆን፣ ትልቁ ሀብቷ ግን በደቂቃ 45 ዙር እየዞሩ የሚጫወቱት ትናንሽ ሸክላዎች ናቸው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቋቋሙት አምሃ ሪከርድስ በተባለው የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት የታተመ አንድ ሸክላ፣ ባለቤቱ ከሽፋኑ አውጥተው በለስላሳ ጨርቅ ከጠረጉ በኋላ ሲያጫውቱልኝ፣ አልፎ አልፎ ከሚሰማው የጭረት ድምፅ በቀር ሳክስፎኑ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር፤ ገዢ ሳይሰማ እንዳይከፍል ማድረጋቸውም እጅግ የሚያስመሰግናቸው ነው። ካሴቶቹ ግን መስኮት ሥር ፀሐይ እየመታቸው ሽፋናቸው ደብዝዟልና ቦታቸው ሊቀየር ይገባል። ከሁሉ የሚያሳዝነው የሥዕሉ ክፍል ነው፤ የአፍሪካ አዳራሽን ባለቀለም መስታወት የሠሩት ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የአንኮበር ተወላጅ ሆነው ሳለ፣ በሰሜን ሸዋ መዲና የሥራዎቻቸው አንድ ቅጂ እንኳ አልተገኘም።