ደሴ ላይ የሚሸጠውን «ዓለም አቀፍ የነርስ ላይሰንስ» እንዳትገዙ

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅና ወልድያ ያላችሁ ነርሶች፣ እኔ 38 ሺህ ብር ከፍዬ የተማርኩትን እናንተ በነፃ አንብቡት።

ማስታወቂያውን ቴሌግራም ላይ ነው ያየሁት። የሦስት ወር ስልጠና፣ ከዚያ ሳውዲም ዱባይም ካናዳም የሚያሠራ ላይሰንስ። ቢሯቸው ፒያሳ አካባቢ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጠረጴዛው በየአገሩ ባንዲራ ተሞልቷል። ሰውየው አፉ ማር ነው። ጥያቄ ባነሳሁ ቁጥር «አብሽሪ እህቴ» ይለኛል። ወሎ ተወልዶ «አብሽሪ» ያለን ሰው መጠርጠር ደግሞ ይከብዳል። እናቴ የእቁብ ብሯን ሰጠችኝ፤ የጎደለውን ከደመወዜ ሞላሁ።

ስልጠናው አለቀና ወርቃማ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተሰጠኝ። ለሳውዲ ላመለክት ብዬ ኢንተርኔት ስከፍት ወረቀቱን የሚጠይቅ ቦታ የለም። የትም የለም።

ዓለም አቀፍ የነርስ ላይሰንስ የሚባል ነገር የለማ! ነርስን የሚመዘግበው እያንዳንዱ አገር ራሱ ነው። ሳውዲ የጤና ስፔሻሊቲዎች ኮሚሽን አላት። ዱባይና አቡዳቢ በአንድ አገር ውስጥ ሆነው እንኳ ፈቃድ ሰጪያቸው ለየቅል ነው። አሜሪካ ኤንክሌክስ የሚባለውን ፈተና ታልፋላችሁ፣ ላይሰንሱን ግን የሚሰጠው ስቴቱ ነው።

ሰውየው የንግድ ስምምነትም ጠቅሶልኝ ነበር። «ኢትዮጵያ የአፍሪካ ነፃ ንግድ ቀጠና ገብታለች፣ ዲግሪሽ በየአገሩ ይሠራል» አለኝ። አገራችን ስምምነቱን በ2011 ዓ.ም. ማጽደቋ እውነት ነው። ግን ስምምነት መፈረምና የነርስ ዲግሪን መቀበል የተለያየ ነገር ነው። ሕግ የተማረ የአጎቴ ልጅ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበትን የዓለም ንግድ ድርጅት የአገልግሎት ስምምነት አሳየኝ። አንቀጽ 7 ላይ አንድ አገር የሌላውን ትምህርትና ፈቃድ ሊቀበል ይችላል ይላል። «ይችላል» ነው ያለው፤ ይቀበል ብሎ አላስገደደም።

ከብሩ በላይ የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። የሥራ ልምዴ አጭር ነው ስለው «የሁለት ዓመት እናወጣልሻለን፣ 12 ሺህ ጨምሪ» አለኝ። ያን ጊዜ ብር ስላልነበረኝ ተረፍኩ፤ ብልህ ሆኜ አይደለም። የባሕረ ሰላጤ አገሮች ሰነዳችሁን ዳታፍሎው በሚባል ሰነድ አጣሪ ድርጅት በኩል ያስጣራሉ። ዳታፍሎው ማኅተም አይቶ አያልፍም። ለተማራችሁበት ኮሌጅና ለሠራችሁበት ሆስፒታል በቀጥታ ይጽፋል። «አናውቃትም» ከተባለ ሐሰተኛ ሰነድ ተብሎ ይመዘገብባችኋል፤ ሌላ አገር ስታመለክቱም ሊከተላችሁ ይችላል። እዚህ በላባችሁ ያገኛችሁት የሙያ ፈቃድ ራሱ አደጋ ላይ ይወድቃል።

«ለእንግሊዝ ሆስፒታል ነርስ እንመለምላለን» የሚል ከመጣም ጠርጥሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. የባለሙያ እጥረት ያለባቸውን 55 አገሮች ዘርዝሯል፤ ኢትዮጵያ አለችበት። የእንግሊዝ ደንብ ከነዚህ አገሮች እየዞሩ መመልመልን ይከለክላል። በራሳችሁ ማመልከት ግን ትችላላችሁ።

የቪዛ ብር የሚጠይቅም አለ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ክፍያን በአሠሪው ላይ ነው የጣለው። እናንተ የምትከፍሉት ለፓስፖርት፣ ለጤና ምርመራ፣ ለክትባት፣ ለልደት ሰርተፍኬት፣ እንዲህ እንዲህ ላለው ነው።

እውነቱን ለመናገር ወደ ደላላ የሚገፋን የማመልከቻውን ክፍያ በኢንተርኔት የምንከፍልበት የዶላር ካርድ ማጣት ነው። ዘመድ ካላችሁ ውጭ ሆኖ ይክፈልላችሁ። ለሰው ከፍላችሁ የምታስከፍሉ ከሆነ ደግሞ ኢሜይሉም ፓስዎርዱም በእጃችሁ ይሁን። የእኔን የማመልከቻ አካውንት ሰውየው በራሱ ኢሜይል ከፍቶት ኖሮ ለማስለቀቅ 5 ሺህ ብር ተጠየቅሁ። ትቼው አዲስ ከፈትኩ።

ብሬን መልስ ብዬ ስሄድ ደረሰኙን አውጥቶ አስነበበኝ። «የስልጠና ክፍያ» ነው የሚለው። ላይሰንስ የሚል ቃል የለበትም። «ስልጠናውን ወስደሻል አይደል?» አለኝ፣ እየሳቀ። ያን ቀን «አብሽሪ» አላለኝም።

አቤቱታ አስገብቻለሁ፤ ገና መልስ የለም። ማመልከቻዬን አሁን ራሴው ጀምሬዋለሁ። የቆመው ኮሌጄ ላይ ነው፣ ሬጅስትራሩ ለማረጋገጫ ኢሜይል አልመለሰም። ሰኞ ፈቃድ ወስጄ በአካል እሄዳለሁ።