ሲቴሽን ኤክስ ወይስ ቻሌንጀር 300? ያገለገለ ጄት ለምትገዙ

ጄት ለመግዛት ያሰበ ወዳጅ ሁሉ የሴስናውን ፈጣን የግል ጄት፣ ሲቴሽን ኤክስን ይዞብኝ ይመጣል። «በዚህ ዋጋ እንዲህ የሚከንፍ ከየት ይገኛል?» እውነት ነው፣ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተሠሩት ከ5 ሚሊዮን ዶላር በታች ይጠየቅባቸዋል። የቦምባርዲየሩ ቻሌንጀር 300 በቀላሉ የዚህን እጥፍ ይጠራል። ቢሆንም አቅሙ ካላችሁ ቻሌንጀሩን ግዙ ባይ ነኝ።

የሲቴሽኑ ርካሽነት እኮ ያለ ነገር አልመጣም። አንዱን ሞተር ኦቨርሆል (ሙሉ እድሳት) ማስደረግ ከሚሊዮን ዶላር በላይ ይጠይቃል፤ ሞተሩ ደግሞ ሁለት ነው። ሻጩ በበረራ ሰዓት ልክ እየከፈለ የሚያስጠግንበት ውል ከሌለው፣ ዕዳው ከነአውሮፕላኑ ወደ እናንተ ይዞራል። በ4 ሚሊዮን የገዛችሁት ጄት ዓመት ሳይሞላው 6 እና 7 ሚሊዮን ሊገባ ይችላል። የቻሌንጀሩ የሃኒዌል ሞተርም ርካሽ አይደለም። ግን ታናናሾቹ 350 እና 3500 የዚያው ቤተሰብ ሞተር ስለሚጠቀሙ ዕቃውም ሠሪውም አይጠፋም። የሲቴሽን ኤክስ ምርት ግን በ2018 ቆሟል፤ የተሠሩትም በጠቅላላ ከ350 አይበልጡም።

ዕቃ ሲጠፋ ፎርጂድ ይገባል። አንድ ሻጭ ለሃይድሮሊክ ፓምፕ ያቀረበልኝ የምስክር ወረቀት የኮፒ ኮፒ ነበር። ተከታታይ ቁጥሩ የተጻፈበት ሳጥን ውስጥ ያለው ፊደል ከሌላው ቀጠን ይላል። ተለጥፎበት ነው። ፓምፑ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ የብሎኖቹ ጠርዝ ግን በመፍቻ ተበልቷል። ወረቀት ነው ብላችሁ አትናቁ። በ1989 የኖርዌዩ ፓርትኔር ኮንቬየር 580 ወድቆ 55 ሰው ሲያልቅ፣ ጭራውን ከያዙት ብሎኖች መካከል ፎርጂድ ተገኝቶ ነበር።

የሲቴሽን ኤክስ ፍጥነቱስ? እስከ ማክ 0.92፣ ማለትም እስከ ድምፅ ፍጥነት 92 በመቶ ይሄዳል፣ አልክድም። ሂሳቡን ግን ሥሩት። 2,000 ኖቲካል ማይል በማክ 0.90 ቢበር፣ በ0.80 ከሚበር ቻሌንጀር የሚቀድመው በግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ለዚያች ግማሽ ሰዓት ነዳጁን ይጠጣል። ሩቅ መሄድ ሲያምረው ደግሞ ራሱ ዝግ ማለት አለበት። የውስጡ ቁመት 1.73 ሜትር ስለሆነ ረጅም ሰው አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄድበት። ቻሌንጀሩ 1.85 አለው።

ቻሌንጀሩም እንከን የለሽ አይደለም። በማርች 2023 አሜሪካ ውስጥ የአንዱ ፓይለቶች የፍጥነት መለኪያ ቱቦውን ክዳን ሳያነሱ ለመነሳት ሞከሩ፤ አቋርጠው እንደገና ተነሱ። አየር ላይ ማስጠንቀቂያ ሲደራረብባቸው የጭራውን ትሪም (የአፍንጫውን ከፍታና ዝቅታ የሚያስተካክለውን) ማብሪያ አጠፉ። አውቶፓይለቱ ተለቀቀ፣ አፍንጫው በኃይል ሽቅብ ተነሳ፣ አንዲት ተሳፋሪ ሞተች። ስለዚህ የፓይለቶቹን የሲሙሌተር ሥልጠና ወጪ ከጄቱ ዋጋ ጋር አብራችሁ ደምሩ። እዚህ ላይ የሚቆጥብ ሰው ጄት ባይገዛ ይሻለዋል።

«እኔ ፍጥነት ካልሆነ አልልም» ያለ፣ ከ2014 ወዲህ የወጣውን፣ ባለ ጋርሚን ጂ5000 (ዲጂታል የበረራ መሣሪያ) ኮክፒቱን ሲቴሽን ኤክስ ፕላስ ይፈልግ። ጥቂት ነው፣ ዋጋውም እንደ አሮጌዎቹ አያጓጓም። ያኔም ቢሆን ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የጥገና መዝገቡ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ስካን ተደርጎ ይላክላችሁ። ሻጩ «መጥታችሁ ታዩታላችሁ» ካለ አትሂዱ።