ፋሚሊ ሊንክ ለጎጃም ወላጆች፦ የት ይጠቅማል፣ የት ይሰናከላል

ከደብረ ማርቆስ እስከ ቡሬ የፈተና ቀኑም የወላጅ ስብሰባውም በቴሌግራም እየመጣ ስለሆነ፣ ልጆች በዚሁ ሰበብ ስልክ ይይዛሉ። የጉግሉ ፋሚሊ ሊንክ በነጻ የሚጫን ነው፤ ወላጅ ከራሱ ስልክ ሆኖ የልጁን አንድሮይድ ይቆጣጠርበታል። ጥሩ መሣሪያ ነው እንላለን።

ችግሩ የሚጀምረው ምዝገባው ላይ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተወለደን ልጅ «2009» ብለው ከሞሉ ጉግል በፈረንጆች አቆጣጠር ወስዶ ከ13 ዓመት በላይ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ የሕፃን አካውንትም አይከፍትለትም። ልደቱ እስከ ታኅሣሥ 22 ከሆነ 2016፣ ከዚያ ወዲህ ከሆነ 2017 ነው የሚሞላው። የመኝታ ሰዓቱም እንዲሁ ያሳስታል፦ ማታ 3 ሰዓት ለስልኩ 9:00 ፒኤም ነው። 3:00 ፒኤም ካሉት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይቆልፈዋል።

ያስተካከሉት ነገር የሚደርሰው የልጁ ስልክ ዳታ ሲከፈት ነው፤ ጥቅል ካለቀ ትእዛዙ ይዘገያል።

አፑ ቴሌግራም እንዳይጫን መከልከል ይችላል፣ ውስጡ የሚጻፈውን ግን አያሳይም። ስለዚህ በልጁ ቴሌግራም «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ገብተው ስልክ ቁጥሩን «ኖባዲ»፣ ወደ ግሩፕ ማስገባትን «ማይ ኮንታክትስ» ያድርጉ። ይህን ሳያደርጉ ስልኩን አይስጡ።

ቤቱ ያለው አንድ ስልክ ብቻ ከሆነ ፋሚሊ ሊንክ አይመችም። ስልኩን አንድ አፕ ላይ የሚያቆመውን «አፕ ፒኒንግ» ከፍተው፣ ለመውጣት ፒን እንዲጠይቅ አድርገው የትምህርቱን አፕ ብቻ ይስጡት፤ ቴሌብርዎም አይነካም።