ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ለቆላ ዳጉሳ፦ ይገዛ ወይስ ይቅር?

በ50 ኪሎ ከረጢት የሚሸጠው ኤንፒኤስ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ ፎስፌትና 7 በመቶ ድኝ ይዟል። ዝናብ አጠር በሆነ መሬት ላይ ዋናው ጥቅሙ ፎስፌቱ ነው። ሥሩ ቶሎ ወደ ታች ስለሚወርድ ዝናቡ መሃል ላይ ቢቋረጥም ቡቃያው ከሥር ያለውን እርጥበት ያገኛል። ስለዚህ ይገዛ።

በብተና መጨመር ግን ብክነት ነው፤ ፎስፌቱ አፈር ውስጥ ከወደቀበት ብዙም አይርቅም፤ ስለዚህ በዘር መስመሩ ላይ ይጣል። መስመሩ በ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ከወጣ በሄክታር 25 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ አንዱን ከረጢት ለሄክታር ስናብቃቃው ለሜትር 2 ግራም ይደርሳል። ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም በኒጀር ለቡልቱግ በየጉድጓዱ 2 ግራም ዳፕ (ናይትሮጅንና ፎስፌት ያለው ማዳበሪያ) ብቻ መጨመር የታወቀ አሠራር ነው።

መጀመሪያ ማዳበሪያው ይጣል፣ ስስ አፈር ይልበስ፣ ከዚያ ዘሩ ይከተል። ማዳበሪያ ጨው በመሆኑ ዘሩን ከነካ በደረቅ አፈር ላይ ውሃ ይነጥቀዋል፤ ብቅለቱ የሚሳሳውም ለዚህ ነው።

ትልቁ ጉድለቱ ናይትሮጅኑ ብቻውን አለመብቃቱ ነው። ዩሪያ ለብቻው ተገዝቶ፣ ሰብሉ ሲያቆጠቁጥ፣ ከአረም በኋላ፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ ይጨመርና አፈር ይልበስ። ደረቅ መሬት ላይ ተበትኖ ከቀረ በአሞኒያ መልክ ይተናል። ዝናቡ ከጠፋ ዩሪያውን ማቆየት ይሻላል፤ ቅጠል አብዝቶ የተረፈውን እርጥበት ያስጨርሳል። አቀንጭራ የተባለው ጥገኛ አረም ባለበት ማሳ ግን ናይትሮጅን አረሙን ስለሚያዳክም ጨርሶ አይተው።

ኤንፒኤስ ፖታሽ የለውም፤ ኮምፖስት ቢታከልበት ይመረጣል። ሲገዙ ከረጢቱን ይዳስሱ፤ ከጠጠረ እርጥበት ገብቶታል፣ በእኩል መጠን ለመጣልም ያስቸግራል።