ካሜሮን ወይስ ላንግ? ደሴ ላይ ካሜራ ለያዘች ልጅ

ፒያሳ ፎቶ ቤት ልክፈት ወይስ ካሜራዬን ይዤ ገበያ ልውጣ የምትል ወጣት ደሴ ላይ አትጠፋም። በሁለቱም መንገድ ቀድመው የሄዱ ሴቶች አሉ።

የ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊት ፎቶ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የፎቶ ቤቱ ሰው ናት። የመጀመሪያ ካሜራዋን በ48 ዓመቷ ልጇና አማቿ ሰጧት። የዶሮ ቤቷን አጽድታ ስቱዲዮ አደረገችው። በፊልም ፈንታ መስታወት ላይ ኬሚካል ቀብታ፣ ሳይደርቅ አንስታ፣ ሳይደርቅ ታጥባለች። ተነሺው ደግሞ ደቂቃዎች ሳይነቃነቅ ይቀመጣል። ፎቶዎቿ ደብዘዝ ይላሉ። ሙያው አልገባትም ብለው አጣጣሏት፤ እሷ ግን ፍንክች አላለችም። ጉም ከጦሳ ሲወርድ ያየ የደሴ ሰው ውበታቸው ቶሎ የሚገባው ይመስለኛል።

አሜሪካዊቷ ፎቶ አንሺ ዶሮቲያ ላንግም የጀመረችው ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሀብታሞችን በማንሳት ነው። ኢኮኖሚው ሲንኮታኮት ሥራ አጦቹን በመስኮት አይታ መንገድ ወጣች። እ.ኤ.አ. በ1936 ካሊፎርኒያ፣ የአተር ለቃሚዎች ሰፈር ያነሳቻትን እናት ዓለም ያውቃታል፦ እጇ ጉንጯ ላይ፣ ሁለት ልጆቿ ትከሻዋ ላይ ተደፍተው። ስሟን ግን አልጠየቀቻትም። ፍሎረንስ ቶምፕሰን መሆኗ የታወቀው ከ40 ዓመት በኋላ ነው።

እኔን ከጠየቅሽኝ ለጀማሪ ካሜሮን ትሻላለች። ሰኞ ገበያ መሃል ድንገት ካሜራ ብትደግኚ ሰው ይቆጣል፤ ልክም ነው። ፎቶ ቤት የሚመጣው ፈቅዶ ነው፤ ብርሃኑንም በመጋረጃ ታስተካክይዋለሽ። ገበያው ካማለለሽ ግን መጀመሪያ አስፈቅጂ፣ ስም ጠይቂ፣ ፎቶውንም አሳጥበሽ ስጪ። ገቢውን በተመለከተ፣ ሠርግና ምረቃ ሁለቱንም ይደጉማል።